በደሴና በኮምቦልቻ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ድጋፍ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ልጃቸው መስማት እንደተሳነው የተረዱ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ መድኃኒት፣ ቀጥሎ ጸበል ወይም ዱዓ፣ ከዚያም መሣሪያ ይፈልጋሉ፤ የምልክት ቋንቋ የሚታሰበው ሁሉም ተሞክሮ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይለውጣል። ሕክምናውም ጸሎቱም መሣሪያውም በየመንገዳቸው ይቀጥሉ፤ ቋንቋው ግን የአንዳቸውንም ውጤት ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ይጀመር። የሕፃን አእምሮ ቋንቋን እንደ ልብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ ያለ ቋንቋ ያለፈውን ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ መሣሪያ አይመልሰውም። በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት የመስማት አቅማቸው የቀነሰ ሰዎች ሌላ ዓይነት ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል፤ እነርሱን የሚመለከተው በየቦታው ተጠቅሷል።

አንደኛ፦ ጥርጣሬውን ወደ ምርመራ ማምጣት

ሕፃኑ 3 ወር እስኪሞላው በር ሲላተም ወይም የድስት ክዳን ሲወድቅ የማይደነግጥ፣ በ6 ወሩ ድምፅ ወደመጣበት ዞር የማይል፣ 1 ዓመት አልፎት ትርጉም ያለው ቃል ያልጀመረ፣ ወይም 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አገጣጥሞ የማይናገር ከሆነ «አጎቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» እየተባለ ጊዜ መባከን የለበትም። በቤት ውስጥ ሲሞከር ልጁ በማያይበት ከኋላው መሆን ይገባል፤ ወለሉን ማንኳኳት ወይም ከጆሮው አጠገብ ማጨብጨብ ግን ያሳስታል፤ ልጁ ንዝረቱና የእጁ ነፋስ ተሰምቶት ሊዞር ይችላልና። በትልቅ ሰው ዘንድ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ቴሌቪዥኑን ከሌላው ሰው አስበልጦ ማስጮህ፣ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ዝም ማለት፣ ውሎ አድሮም ከቡና መጥራት መቅረት።

ምርመራው የሚጀመረው በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ቢሄድ ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ተሁለደሬ ወረዳ መድኑ መጀመሪያ በሙከራ ከተተገበረባቸው ወረዳዎች አንዱ ስለነበረ የደቡብ ወሎ ሰው ለሥርዓቱ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም በተግባር ሪፈሩን ረስቶ የሚሄደው ብዙ ነው። ጤና ጣቢያው ጆሮውን ከተመለከተ በኋላ ወደ ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሲልክ፣ ሪፈሩ ላይ የአንገት በላይ ሐኪምና የመስማት ምርመራ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይጻፍ። ለሕፃናት የሚደረገው ምርመራ መልስ መስጠት የማይጠይቅ፣ ተኝተው ሳሉ በመሣሪያ የሚለካ ስለሆነ «ገና ትንሽ ነው፣ ሲያድግ አምጡት» የሚለው ምክር ተቀባይነት የለውም። በዓለም ዙሪያ ባለሙያዎች የሚመክሩት በ1 ወር ልየታ፣ በ3 ወር ማረጋገጫ፣ በ6 ወር ድጋፍ እንዲጀመር ነው።

ሦስት ነገሮች በዚህ ደረጃ ላይ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው የሚመግል ጆሮ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልደረቀ መግል ሥር የሰደደ ሕመም ነው ተብሎ ስለሚታይ፣ ጆሮውን በንጹህና ደረቅ ጨርቅ በቀን ሦስት ጊዜ እያደረቁ ከጤና ጣቢያ የታዘዘውን ጠብታ መጠቀም ይገባል። የሞቀ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ላምባና የክብሪት እንጨት የጆሮ ታምቡርን ከመጉዳት በቀር የሚጠቅሙት ነገር የለም። ሁለተኛው መድኃኒት ነው፤ እንደ ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲንና አሚካሲን ያሉ መርፌዎች የውስጥ ጆሮን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሕመምተኛ ከመጀመሩ በፊትና በመሀል የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቅ፤ ጆሮው ቢጮህበት መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር። ሦስተኛው በድንገት፣ በአንድ ሌሊት ውስጥ የሚመጣ መደንቆር ነው። ይህ እስከ ገበያ ቀን የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን በሚገባ ማስጻፍ

«መስማት አይችልም» ብቻ የሚል የሐኪም ወረቀት ለትምህርት ቤትም ለቀጣሪም ለማኅበራዊ ጉዳይም ብዙ አይረዳም። የእያንዳንዱ ጆሮ የመስማት ደረጃ በዴሲቤል (በድምፅ ጉልበት መለኪያ)፣ ችግሩ በውጭና በመሀል ጆሮ የተነሣ ነው ወይስ የውስጥ ጆሮና የነርቭ፣ ቋሚ ነው ወይስ በሕክምና ሊሻሻል የሚችል፣ እነዚህ ሁሉ ተጽፈው፣ ማኅተም አርፎባቸው፣ ኦዲዮግራም የሚባለው የምርመራ ሰንጠረዥ ተያይዞ መሰጠት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚሠራበት አመዳደብ ከ20 ዴሲቤል በታች የሚጀምር መስማት ጤናማ ነው፤ ከ20 እስከ 35 ቀላል፣ እስከ 50 መካከለኛ፣ እስከ 65 ከመካከለኛ የከበደ፣ እስከ 80 ከባድ፣ ከዚያ በላይ እጅግ ከባድ ይባላል። በተሻለው ጆሮ ከ35 በላይ የሆነ ሰው ድጋፍ የሚያስፈልገው ጉዳት አለበት ተብሎ ይቆጠራል። ቁጥሩን ማወቅ የሚጠቅመው ለኩራት አይደለም፤ በ40 ዴሲቤል ላይ ያለ ልጅና በ90 ላይ ያለ ልጅ የሚፈልጉት መሣሪያም የክፍል አቀማመጥም ስለሚለያይ ነው።

ዋናው ወረቀት በቤት ይቀመጥ፤ በየቢሮው የሚገባው ፎቶ ኮፒ ይሁን። ከወረቀቱ ጋር የቀበሌ መታወቂያ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒና ጉርድ ፎቶግራፎች ተይዘው ወደ ቀበሌና ወደ ከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያ በመሄድ ግለሰቡ በአካል ጉዳተኞች መዝገብ እንዲሰፍር ይደረግ። በመዝገብ ያልሰፈረ ሰው ለቢሮው የለም ማለት ነው፤ የሥልጠና ዕድል፣ የመሣሪያ ድጋፍ ወይም የቀለብ እርዳታ ሲመጣ ዝርዝሩ የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው።

ሦስተኛ፦ ቋንቋውን ቤት ማስገባት

የምልክት ቋንቋን ለቤተሰብ ለማስተማር ከሁሉ የተሻለው ሰው በቋንቋው የሚኖር፣ መስማት የተሳነው አዋቂ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት የሚሻለው መነሻ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ነው፤ በከተማው ያሉ የልዩ ፍላጎት መምህራንና ልጆቻቸውን በልዩ ክፍል የሚያስተምሩ ወላጆችም ያገናኛሉ። ሦስት ወይም አራት ቤተሰቦች ተሰባስበው በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ አስተማሪ ቢከፍሉ ወጪው ይቀላል፤ ልጆቹም ጓደኛ ያገኛሉ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ስለሆነ አስተማሪው ቅዳሜ በአንዱ፣ እሑድ በሌላው ከተማ ሊያስተምር ይችላል። ለአስተማሪው መክፈል ግን ግዴታ ነው። «ለራሱ ወገን ነው፣ በነፃ ያስተምር» የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ሥራ ላይ ሊያርፉ የሚችሉ ጥሩ ባለሙያዎችን ያሸሻል።

የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ፊደል ላይ ባይቆዩ ይመረጣል። በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ያሳያል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ልዩነት ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይገለጻል። አሠራሩ ያምራል፤ ለስምና ለቦታ ያገለግላል፤ ነገር ግን የ3 ዓመት ልጅ ገና ፊደል ስለማይቆጥር የሚያስፈልገው «ና»፣ «ውሃ»፣ «አሞኛል»፣ «የት ሄደች»፣ «ነገ»፣ «ለምን» የሚሉ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። በተለይ «ለምን» እና «ነገ» ቶሎ ይግቡ። የጥያቄና የጊዜ ቃል የሌለው ልጅ ቤተሰቡ የሚያደርገውን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም፤ እናቱ ለሦስት ቀን ወደ ወገልጤና ስትሄድ ትመለሳለች ብሎ የሚነግረው የለም፤ ከዚያም «ቁጡ ነው» ይባላል።

ልጁን ለመጥራት ትከሻውን በቀስታ መንካት፣ መብራቱን ብልጭ ማድረግ ወይም በጣውላ ወለል ላይ በእግር መምታት ይበቃል። ፊት ላይ ብርሃን ማረፍ አለበት፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት ሻማው ወይም የባትሪው ብርሃን በተናጋሪው ፊትና እጅ ላይ እንጂ በልጁ ዓይን ላይ አይሁን። በወሎ ቤት ቁም ነገር የሚወራው በቡና ላይ ነው፤ ከአቦል እስከ በረካ የሠፈሩ ወሬ፣ የዘመድ ሕመም፣ የጋብቻ ምክር፣ የቀድሞ ታሪክ ሁሉ ይነሣል። መስማት የተሳነው ልጅ እዚያው ተቀምጦ ፈንዲሻ እየበላ ምንም ሳያውቅ ያድጋል። ስለዚህ በቡና ጊዜ ፊቶቹን ሁሉ በሚያይበትና ጀርባው ወደ መስኮት በሆነበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከቤተሰቡም አንድ ሰው በየተራ የሚወራውን በምልክት እያሳጠረ ይንገረው። «ቆይ በኋላ እነግርሃለሁ» የሚለውን ምልክት መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ሁሉ ከልጅነታቸው ያስታውሱታል፤ በኋላውም አይመጣም።

ከንፈር ማንበብ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ደግሞ ይታወቅ። በ፣ መ እና ፐ በከንፈር ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ «በራ» ይሁን «መራ» የሚለየው ከዐውዱ ብቻ ነው፤ ቀ፣ ከ እና ገ ደግሞ በጉሮሮ ስለሚደበቁ ጨርሶ አይታዩም። በዕድሜያቸው ምክንያት መስማት የቀነሰባቸውን አባት ወይም እናት ስናነጋግር በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ሆነን፣ አፋችንን በነጠላ ሳንሸፍን፣ ሳንጮህ በዝግታ እንናገር፤ ያልገባቸውንም ያንኑ ቃል ደጋግመን ከመጮህ በሌላ አነጋገር እናስረዳ።

አራተኛ፦ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ

መሣሪያው በምርመራው ውጤት መሠረት በባለሙያ ተስተካክሎ የሚሰጥ ነው። ከሱቅ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ፣ ለሌላ ሰው ጆሮ የተለካ መሣሪያ ያለውን የመስማት አቅም ሊጎዳ ይችላል። ከመግዛት በፊት ሊጠየቁ የሚገባቸው አራት ጥያቄዎች አሉ፤ በጆሮው ልክ የሚሠራውን መሰኪያ (የጆሮ ቅርጽ) ማን ይለካል፣ ባትሪው የት ይገኛል፣ ሲበላሽ የት ይጠገናል፣ ልጁ ሲያድግ የጆሮ ቅርጹ የሚቀየረው በስንት ጊዜው ነው። የአራቱም መልስ አዲስ አበባ ከሆነ፣ የትራንስፖርቱና የማደሪያው ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ተደምሮ ይታሰብ፤ መሣሪያውን ገዝተው ባትሪ በማጣት በመሳቢያ የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው ዓይነት ብዙ ጊዜ 13 ወይም 675 ቁጥር ባትሪ ይጠቀማል፤ የ13 መለያ ብርቱካናማ፣ የ675 ሰማያዊ ልጣፍ ነው። ልጣፉ ከተላጠ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ አየር አግኝቶ ቢገባ የተሻለ ይሠራል፤ አንዴ ከተላጠ ግን መሣሪያው ባይበራም ኃይሉ ማለቁ አይቀርም። ሌሊት የባትሪው በር ተከፍቶ ይደር፤ በክረምቱ የደሴ ጭጋግና እርጥበት ደረቅ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ ከላብና ከአቧራ ማጽዳት ያስፈልጋል። መሣሪያው ሲያፏጭ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጆሮው ቅርጽ መላላት ወይም የኩክ መደፈን ነው። ያለቀው ባትሪ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ይጣል፤ ቢዋጥ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ስለሚያቃጥል ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው።

አምስተኛ፦ ትምህርት ቤት

ምዝገባ ከመጀመሩ አስቀድሞ ወደ ከተማው ትምህርት መምሪያ ሄደው የልዩ ፍላጎትና አካቶ (ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ የመማር) ትምህርት ባለሙያውን ያነጋግሩ፤ በዚያ ዓመት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ወይም የምልክት ቋንቋ የሚችል መምህር ያለበትን ትምህርት ቤት የሚያውቀው እርሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲጎበኝ ሕንፃውን ሳይሆን ሁለት ነገር ይመልከቱ፤ መምህሩ ከልጆቹ ጋር በምልክት ሳይቸገር ይነጋገራል ወይ፣ ልጅዎ የሚግባባቸው ሌሎች መስማት የተሳናቸው ልጆች አሉ ወይ። ስልሳ ተማሪ በሞላበት ክፍል አስተርጓሚ ሳይኖር ብቻውን የተቀመጠ ልጅ በወረቀት «አካቶ» ቢባልም በተግባር ውጭ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከቤት የሚርቅ ግን ልዩ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ከቅርቡ ይመረጣል ባይ ነኝ።

ከፊል የሚሰሙ ልጆች በመደበኛው ክፍል ከፊት፣ የተሻለው ጆሯቸው ወደ መምህሩ በሆነበት በኩል ይቀመጡ፤ መምህሩም ወደ ሰሌዳው ዞሮ እየጻፈ እንዳይናገር ይጠየቅ። ለክልልና ለብሔራዊ ፈተናዎች የሚያስፈልገው አስተርጓሚና ተጨማሪ ሰዓት በምዝገባ ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ በፈተናው ዕለት የሚነሣ ጥያቄ መልስ አያገኝም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና መስማት የተሳናቸው ባህል የመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ስለጀመረ፣ በመምህርነትና በአስተርጓሚነት የሠለጠነ ሰው «የለም» ተብሎ የሚሰጠው መልስ እንደ ድሮው የሚያሳምን አይደለም።

ስድስተኛ፦ ሥራና ፋብሪካ

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ አስፈላጊ ሲሆንም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል ሰው ክስ ሲያቀርብም የማስረዳት ሸክሙን ከእርሱ ያነሣለታል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «ልዩ ድጋፍ እጠይቃለሁ» ከማለት ይልቅ የሚፈለገው በዝርዝር ይጻፍ፤ ለቃለ መጠይቁ አስተርጓሚ፣ መመሪያ በጽሑፍ፣ ለእሳት ማስጠንቀቂያ የሚበራ መብራት፣ በፈረቃው ውስጥ አደጋ ሲኖር የሚነግረው የተመደበ ባልደረባ።

ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ሌላም ጉዳይ አለ። በክንድ ርቀት ያለ ባልደረባ እንዲሰማ መጮህ የሚያስፈልግ ከሆነ ጫጫታው ጆሮ ይጎዳል። በ85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት መሥራት እንደ ወሰን ይወሰዳል፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደህናው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ጆሮ ውስጥ ጥጥ መወተፍ ምንም አይከላከልም፤ አሠሪው የጆሮ መከላከያ ያቅርብ፣ ሠራተኛውም ሲቀጠርና ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይመርመር። የመጀመሪያው ምርመራ ውጤት ከሌለ በኋላ ጉዳቱ በሥራ የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።

ሰባተኛ፦ ሆስፒታል፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ክርክሩ በማይረዳው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ያዛል። መብቱ የሚሠራው ሲጠየቅ ነው፤ አስተርጓሚ ሳይኖር የተሰጠ ቃል ላይ ጣት ከማሳረፍ በፊት ጥያቄው መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ይደረግ። በውልና ማስረጃ ወይም በባንክ «ሞግዚት ይዘህ ና» የሚባል ሰው ካለ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 192 ሕግ ካልከለከለው በቀር ማንኛውም ሰው ሕጋዊ ሥራ ለመፈጸም ችሎታ እንዳለው መደንገጉን ይጥቀስ። ይኸው ሕግ በአንቀጽ 340 መስማትና መናገር ለተሳናቸው የሚያደርገው ጥበቃ እነርሱ ራሳቸው ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት እንጂ ችሎታቸውን የሚነሣ አይደለም።

በሕክምና ቦታ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ አይገባም። የ10 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማሕፀን ወይም ስለ አባቱ ካንሰር ሊያስተረጉም አይችልም፤ ቢችልም ሊሸከመው አይገባም። ለቀጠሮና ለወሊድ አስቀድሞ አስተርጓሚ ይያዝ፤ ሐኪሙም ወደ አስተርጓሚው ሳይሆን ወደ ታካሚው እያየ ይናገር፣ አስተርጓሚውም ከሐኪሙ ጎን ይቀመጥ። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ስብሰባ ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

ስምንተኛ፦ ቅሬ፣ ሠፈርና አደጋ

በወሎ ቅሬ (እድር) ሞትና ስብሰባ የሚታወጀው በጥሪ ነው። መስማት የተሳነው አባል ጥሪውን ሳይሰማ ይቀራል፤ በቀብር ባለመገኘቱም ይቀጣል ወይም ይታማል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ በቅሬው መተዳደሪያ ደንብ ላይ መስማት ለተሳነው አባል ጎረቤቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ወይም በአጭር የስልክ መልእክት እንዲያሳውቅ፣ ሳይነገረው ለቀረበት ቅጣት እንዳይኖር አንድ አንቀጽ ማስገባት ብቻ ነው። በአበጋር (በባህላዊ አስታራቂ) ወይም በሽማግሌ ፊት የሚታይ ጉዳይ ሲኖርም ከሁለቱ ወገኖች የማንም ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ ይቀመጥ፤ የባል ወንድም የሚያስተረጉምለት የሚስት አቤቱታ እንዴት እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያለፉበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው፣ በኬላ ላይ «ቁም» የሚለውን ትእዛዝ አለመስማት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም። በትልልቅ ፊደል «መስማት የተሳነኝ ነኝ፤ እባክዎ ይጻፉልኝ» የሚል፣ የቅርብ ሰው ስልክ ያለበት፣ በቀበሌ ማኅተም የተደረገበት ካርድ በአንገት ላይ ወይም በቀላሉ በሚታይ ኪስ ይያዝ፤ ካርዱን ለማውጣትም እጅን በድንገት ወደ ኪስ መስደድ አይገባም። የአምቡላንስና የፖሊስ ቁጥሮች በድምፅ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ መልእክት ሲደርሳቸው በእርሱ ፈንታ የሚደውሉ ሁለት ሰዎች አስቀድመው ይመረጡ፤ አንዱ ሌሊትም ስልኩን የማያጠፋ ይሁን።

ዘጠነኛ፦ በጋራ ማመልከት

አንድ ቤተሰብ ብቻውን አስተርጓሚ እንዲቀጠር ቢጠይቅ መልሱ «በጀት የለም» ነው። በየቀበሌው ያሉ ቤተሰቦች ስምና ዕድሜ፣ የመስማት ደረጃ፣ የሚፈልጉትን አገልግሎት የያዘ አንድ ዝርዝር አዘጋጅተው በጋራ ቢያመለክቱ ግን ጥያቄው ዕቅድ ውስጥ የሚገባበት ዕድል ይሰፋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ማመልከቻው በመጋቢት፣ ቢዘገይ በሚያዝያ መግባት አለበት፤ በሰኔ የሚገባ ለከርሞ ነው። ለሆስፒታሉ፣ ለፍርድ ቤቱና ለፖሊስ በጋራ የሚያገለግል አንድ አስተርጓሚ በከተማው አስተዳደር እንዲቀጠር መጠየቅ፣ ለእያንዳንዱ ተቋም ለየብቻ ከመጠየቅ ይልቅ ለመፍቀድ የሚቀል ነው። ማመልከቻው በኢትዮጵያ የጸደቀውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 676/2002ን ይጥቀስ፤ ግልባጩ ለማኅበራዊ ጉዳይ መምሪያው ይላክ፤ በሁለተኛው ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥርና ቀን ሳያስመቱ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አይለዩ።